የግርጌ ማስታወሻ

ማናማ፣ ሁራ ሰፈር፣ ፎቁ ሦስተኛ፣
ሊፍቱ እንደ በሽተኛ ከተኛ የተኛ፣
ከስፌት ቤት በላይ፣ ከዓሣ ቤት ማዶ፣
የወይዘሮ ሱላፋ ሠላሳ ዓመት በወረቀት ነዶ።

የአክሲዮን ሰነድ ስትይዝ ከላይ አይደለም ዓይኗ፣
ከግርጌው ይጀምራል፤ እንዲህ ነው የሚውል ቀኗ።
«ከላይ ያለው ሰርጉ ነው፣ ከግርጌው ነው ዕዳው፤
ሳሎኑን ተዉልኝ፤ የት ጋ ነው ጓዳው?»

እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ፣ መወልወያ ይዤ የገባሁ፣
ዐረብኛውን ከፋይሏ ጀርባ አቧራ ስጠርግ የለቀምሁ።
ዛሬ ወንበር አለኝ፣ የጠረጴዛም እኩሌታ፤
ዓርብ ዓርብ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ከጧት እስከ ማታ።

ስንቅነሽ ከቦረና፣ ስድስት ልጅ ያሳደገች፣ የሰው፣
የአሥር ዓመት ደመወዟን ለ«ሉል ባሕር» ያስረከበችው።
ኩንጁሞን ልብስ ሰፊው፣ ጉልዛር ሾፌሩ፣
የሙሐረቁ መምህር፣ ኡስታዝ ጃሲም ከነክብሩ፤
ሁሉም የያዙት አንድ ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ሥዕል፦
መርከብ፣ ዕንቁ፣ ፈገግታ፣ «በዓመት ሃያ በመቶ» የሚል።

ሺህ ሁለት መቶ ሰው፣ በአንድ መዝገብ፣ አንድ ከሳሽ።
ስንቅነሽ ግን ግራ ገባት፦ «ዳኛው ፊት ማን ሊቆም ነው ታዲያሽ?
አያቴ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ቀስሮ፣
‹በላ ልበልሃ› ብሎ፣ በግጥም ተናግሮ፣
የተነጠቀ መሬት ሲያስመልስ አገር አይቷል።»
እዚህ ዱላ አይቀሰርም አልኳት። እዚህ ሒሳብ በሒሳብ ይረታል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ለሱላፋ ተረጎምሁላት አንድ ቀን።
«አንበሳው መጥረጊያ ገዝቷል» አለችኝ፣ «ስድስት ጠበቃ፣ ከለንደን።»

አያቷ ጠላቂ ነበር። አፍንጫውን በቀንድ ቆልፎ፣
በእግሩ ድንጋይ አስሮ፣ ከጀልባው አፋፍ አልፎ
ይሰጥማል፣ ዛጎል ለቅሞ ይወጣል። የጀልባው አለቃ ይጽፋል።
ስንት እንደጻፈ ማን ያውቃል?
ሰውየው ሞተ፤ ዕዳው ለልጁ ተላለፈ፤
ደብተሩ አንዱ ወገን ነው ብቻውን የጻፈ።
«እሱን ለማንበብ ብዬ ነው ሕግ የተማርኩት» ትላለች፣
«ስመረቅ ተቃጥሎ ቆየኝ» ብላ መነጽሯን ትጠርጋለች።

ሁሌ አትረታም። አንዱ ኩባንያ ከሰረ፤
አንዱ ስሙን ለውጦ በሌላ በር ሥራ ጀመረ፤
አንዱ ደንበኛችን ፍርዱ ሳይመጣ አገሩ ተቀበረ፣
ስሙን ከመዝገቡ አልሰረዘችም።

በሰባተኛው ዓመት፣ በሙቀቱ ወር፣ ስምምነት መጣ፦
ከአንዱ ዲናር መቶ አሥር ፊልስ።
ጉልዛር ሳቀ። ኡስታዝ ጃሲም ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣
መቁጠር ያስተማረ ሰው እንዳልነበረ።

ስንቅነሽ ገንዘቡን አልነካችም።
«የቱ ጋ ነው የዋሹኝ? ቦታውን አሳዩኝ» አለች።
ሱላፋ ገጽ ሰማንያ አራትን ገለጠች።
ከገጹ ግርጌ፣ ቁጥር አሥራ አንድ፣ የጉንዳን እግር የመሰለ።
አነበብኩላት፤ የሕጉ ቋንቋ ረጅም ነበር፣ ዞረ፣ ተጥመለመለ፤
በእኛ ቋንቋ ግን አጭር ነው፦
«ያንቺን ለሷ፣ የሷን ላንቺ።»

በረኪና የበላው፣ የአሻራ ማሽን እምቢ ያለው ጣቷን
መስመሩ ላይ አኖረች። ፊደሉ ከጥፍሯ ያንሳል።
«ይህቺ ናት?»
«ይህቺ ናት።»
«ይህቺን የመሰለች ነገር!» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ፈርማ ተቀበለች።
ሊፍቱ አሁንም አልተሠራም፤
ደረጃውን ጮክ ብላ እየቆጠረች ስትወርድ ሰማኋት፣
አንድም ሳትዘል።